አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ ገዛሁ

ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ከሶፋው በላይ የተሰቀሉትን ሁለት የምስክር ወረቀቶች ሳያይ አይቀመጥም። አንደኛው ትልቅ ነው፤ ዳር ዳሩ በወርቅማ ሐረግ የተጌጠ፣ ከታች በኩል ትልቅ ማኅተም ያለበት፣ ስሜም በሚያምር ጽሕፈት የተጻፈበት ነው። ሁለተኛው ግን በቤት ማተሚያ የወጣ ተራ ወረቀት ይመስላል። እንግዶቻችን «እንኳን ደስ አለህ!» የሚሉኝ ሁልጊዜ ወደ ትልቁ እየጠቆሙ ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ኩሽና ትገባለች። ትልቁ ወረቀት አንዲት ሳንቲም አያወጣም፤ እንጀራ የምንበላው በትንሹ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር አንድ ወጣት ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ የግል ስፖርት አሠልጣኝ መሆን አስቤአለሁ፤ የትኛው ዘንድ ልመዝገብ?» ብሎ ስለ ጠየቀኝ ነው። በስልክ የመለስሁለት አጭር ነበር። ሙሉው መልስ የሚያሳፍረኝ ነገር ስላለበት በዚያን ቀን አልነገርሁትም።

በአገሬ ሳለሁ በኮተቤ ተምሬ ዘጠኝ ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርሁ። ፊሽካዬን በአንገቴ አንጠልጥዬ፣ ስድሳ ተማሪ በአንድ ኳስ ሳጫውት የኖርሁ ሰው ነኝ። ወደ አሜሪካ መጥቼ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በተቀመጥሁ ጊዜ ግን ፊሽካው ሻንጣ ውስጥ ቀረ፤ ሥራዬም ከምድር በታች ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት መቁረጥ ሆነ። ሥራውን ለመናቅ አይደለም፤ ልጆቻችንን ያሳደግንበት ነው። ነገር ግን ከፓርኪንጉ በላይ አንድ ትልቅ ጂም ነበረ፤ ፈተናዬም እርሱ ሆነ። ሰዎች በማለዳ መኪናቸውን እኔ ዘንድ አቁመው ይወጣሉ፤ በሰዓት ሰባና ሰማንያ ዶላር ለአሠልጣኝ ይከፍላሉ። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ በመስተዋቱ ወደ ውስጥ ብመለከት፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን አጉብጣ ክብደት ስታነሣ አሠልጣኟ ስልኩን ያያል። «ጀርባ ቀጥ!» ብዬ ልጮኽ ምንም አልቀረኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አክስቴ ከአዲስ አበባ በስልክ ሐሳቤን ሲሰሙ «ሰው ለመሮጥ ደግሞ ገንዘብ ይከፍላል እንዴ? አበበ ቢቂላ ለማን ከፈለ?» አሉኝ። አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ከበስተኋላው ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ እንደ ነበሩ አክስቴ አያውቁም። ሯጩን ሁሉም ያውቀዋል፤ አሠልጣኙን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም አልተከራከርኋቸውም።

እንግዲህ ዕቁብ የወጣልኝ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከዕቁቡ ግማሹ ለልጆች፣ ግማሹ ለእኔ ትምህርት እንዲሆን ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። በዚያው ሳምንት በስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ መጣልኝ። «በአንድ ቅዳሜና እሑድ የተመሰከረለት አሠልጣኝ ይሁኑ፤ ፈተናው በቤትዎ፤ የወደቀ የለም» ይላል። አንባቢዎቼ እንዳትስቁብኝ እለምናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ስፈትን የኖርሁ ሰው «የወደቀ የለም» የሚል ፈተና ምን ዓይነት ፈተና እንደ ሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። 449 ዶላር ከፈልሁ። ቅዳሜ አነበብሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጽሐፉን ገልጬ ተፈተንሁ፤ ከመቶ መቶ አገኘሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ውሃ ለሰውነት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ ወርቅማ ወረቀት በፖስታ ደረሰ፤ እኔም ክፈፉን ገዝቼ በአቃፊ ይዤው ወደ ላይኛው ጂም ወጣሁ።

የጂሙ ኃላፊ በመኪናዋ የማውቃት ወጣት ሴት ናት። በአክብሮት አስቀመጠችኝ። ወረቀቱን ፊትና ኋላውን አየችና በለሰለሰ ድምፅ «ፈተናው የኤን.ሲ.ሲ.ኤ. ዕውቅና አለውን?» ብላ ጠየቀችኝ። ኤን.ሲ.ሲ.ኤ. ምን እንደ ሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ከቦርሳዋ አንድ ቁራጭ ወረቀት አውጥታ አራቱን ፊደሎች ጻፈችልኝና «ይህ ያለበትን ይዘው ሲመጡ እንነጋገራለን» አለችኝ። ደረጃውን ስወርድ ቁራጩን ብገለብጠው፣ በዚያው ጧት ራሴ የቆረጥሁላት የፓርኪንግ ቲኬት ነበር።

ወደ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ እስክነግራት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ይቆጣሉ ተብለው ከሚፈሩት ሴቶች አይደለችም፤ ዝም ስትል ነው የምፈራት። ያን ቀን ዝም አላለችም። እርስዋ በአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ናትና «እኔን ያስተማሩኝና የፈተኑኝ ሰዎች የተለያዩ ነበሩ፤ አንተን ግን ያስተማረህም፣ የፈተነህም፣ ገንዘብህን የተቀበለህም አንድ ሰው ነው» አለችኝ። ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ በዚህ ጊዜ ነው።

በእኛ አገር እኮ ይህን ሁሉም ያውቃል! ማትሪክን ያስተማረህ መምህር አያወጣውም። የቴክኒክና ሙያ ተማሪም ኮሌጁን ሲጨርስ ሲ.ኦ.ሲ. ብለን የምንጠራውን የብቃት ምዘና የሚፈተነው ከኮሌጁ ውጪ ባለ መዛኝ ፊት ነው። ተምረሃል የሚል ወረቀትና ትችላለህ የሚል ወረቀት ሁለት ነገር ናቸው። በአሜሪካም እንደዚሁ ነው፤ ግን የሚያጠምድ ነገር አለበት። በሜሪላንድ ፀጉር ለመቁረጥ ከመንግሥት ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ የሰው አከርካሪ ላይ መቶ ኪሎ ለመጫን ግን ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ባዶውን ቦታ የሞሉት የግል ድርጅቶች ናቸው፤ ማንም ተነሥቶ ሰርተፊኬት አትሞ ሊሸጥ ይችላል።

ኤን.ሲ.ሲ.ኤ. እንግዲህ ፈታኞቹን የሚፈትን ኮሚሽን ነው። የተቋቋመው በ1987 እ.ኤ.አ. ሲሆን በጤናም ሆነ በሌላ ሙያ የሚሰጡትን የብቃት ፈተናዎች ይመረምራል። ጥያቄዎቹ አንድ ሰው ከጭንቅላቱ ያፈለቃቸው ሳይሆኑ በሙያው ላይ ያሉ ሰዎች በእርግጥ ምን ይሠራሉ ተብሎ ከተጠናው የተነሡ መሆናቸውን፣ የማለፊያው ነጥብ በባለሙያዎች የተቈረጠ መሆኑን፣ መጽሐፍ የሚሸጠው ክፍል በፈተናው ላይ እጁን አለማስገባቱን ያያል። ኢህርሳ ይባል የነበረው የጂሞች ማኅበርም አባሎቹ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሦስተኛ ወገን ዕውቅና ካለው ድርጅት የተመሰከረላቸውን አሠልጣኞች እንዲቀጥሩ ምክር ሰጥቶ ነበር። ያቺ ወጣት ኃላፊ የጠየቀችኝ የአለቆቿን ሕግ ነበር እንጂ እኔን ለማሳፈር አልነበረም።

ሁለተኛውን ምርጫ ያደረግሁት በተቃራኒው በኩል ጀምሬ ነው። መጀመሪያ ሥራ የምፈልግባቸውን ሦስት ጂሞች በእግሬ ዞርሁና «የማንን ወረቀት ትቀበላላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሦስቱም ተመሳሳይ ስሞች ጠሩልኝ። ከዚያ የልጄን ባለመስመር ደብተር ወስጄ አራት ስሞች ጻፍሁ።

ኤ.ሲ.ኤስ.ኤም. በ1954 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የስፖርት ሕክምና ማኅበር ነው፤ ሐኪምና ተመራማሪ የበዛበት ስለ ሆነ መጽሐፉም እንደ ሐኪም ይናገራል። ኤን.ኤስ.ሲ.ኤ. በ1978 እ.ኤ.አ. የቡድን የጉልበት አሠልጣኞች ያቋቋሙት ነው፤ እግር ኳስ ተጫዋች ወይም ሯጭ ለማሠልጠን ለሚመኝ ሰው እርሱን እመክራለሁ። ኤ.ሲ.ኢ. በ1985 እ.ኤ.አ.፣ ኤን.ኤ.ኤስ.ኤም. በ1987 እ.ኤ.አ. የተቋቋሙ ሲሆኑ በየጂሙ ስማቸው የሚጠራው የእነዚህ ሁለቱ ነው። የአራቱም የግል አሠልጣኝ ፈተና ዕውቅናው አለው። አራቱም ዘንድ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰና የሲ.ፒ.አር. ወረቀት የያዘ ሰው ይፈተናል። የአራት ዓመት ዲግሪዬን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም፤ ይህ ዛሬም ያናድደኛል።

ታዲያ በምን ልለያቸው? ሰው ሁሉ የሚያየው ዋጋ ነው፤ ዋጋውም የሚያሳስት ነው። ከአራቱ አንዱ ዘንድ ስልኬን በማስመዝገቤ ሻጩ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ እየደወለ «ዛሬ ማታ የሚያልቅ ቅናሽ አለልህ» ይለኝ ነበር። ያ «ዛሬ ማታ» አሥራ አራት ጊዜ ነጋ። እኔ ግን መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ፈተናውን፣ ቢወድቁ የሚከፈለውን፣ ወረቀቱን በየጊዜው ማሳደሻውን ሁሉ ደምሬ ጻፍሁ። ማሳደሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንዳንዱ በየሁለት ዓመቱ፣ አንዳንዱ በየሦስት ዓመቱ ነው፤ በመካከሉም ተጨማሪ ትምህርት መውሰድ ግዴታ ነው። የኔው ለምሳሌ በየሁለት ዓመቱ 20 ሰዓት ትምህርት ይፈልጋል።

ሁለተኛው መለያዬ በመጽሔት ላይ ተጽፎ ያላየሁት ነው፤ ስለዚህ ቋንቋው እንግሊዝኛ ላልሆነ ወገኔ አጥብቄ እናገረዋለሁ። ደቂቃውን ለጥያቄው አካፍሉት። እኔ ባየሁበት ጊዜ የኤን.ኤ.ኤስ.ኤም. ፈተና በሁለት ሰዓት 120 ጥያቄ ነበር፤ ለአንዱ ጥያቄ 60 ሰከንድ ማለት ነው። የኤ.ሲ.ኢ. በሦስት ሰዓት 150 ጥያቄ ነበር፤ ይህ 72 ሰከንድ ይሰጣል። አሥራ ሁለት ሰከንድ ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል። አንድን ጥያቄ በእንግሊዝኛ አንብቦ፣ በሆዱ በአማርኛ አስቦ፣ ተመልሶ በእንግሊዝኛ ለሚመልስ ሰው አሥራ ሁለት ሰከንድ ብዙ ነገር ናት።

ሦስተኛው መለያ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ በእጄ ሥር የሚገባው ሰው ማን ነው? እኔ ኦሎምፒክ የሚወርድ ሯጭ አላሠለጥንም። የማውቃቸው ሰዎች አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ጨብጠው የሚውሉ፣ ወገባቸው የታመመ ባለታክሲዎች ናቸው፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ ልጆቻቸው «እባካችሁ ተንቀሳቀሱ» የሚሏቸው እናቶች ናቸው። እነዚህን ሰዎች የሚያሸንፋቸው ክብደቱ አይደለም፤ ሁለተኛ ሳምንት ላይ መቅረታቸው ነው። የኤ.ሲ.ኢ. መጽሐፍ ሰውን እንዴት እንደምትጠይቀው፣ እንዴት እንደምታዳምጠው፣ ልማዱን እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚለውጥ ብዙ ገጽ ስለ ሰጠ ልቤ ወደዚያ አዘነበለ። ኤ.ሲ.ኤስ.ኤም.ም ለእነዚሁ ሰዎች ይሆን ነበር፤ መጽሐፉ ግን ለኔ እንግሊዝኛ ከበደኝ። ኤ.ሲ.ኢ.ን መረጥሁ። መጽሐፉና ፈተናው ባንድነት ከ500 ዶላር በላይ ወሰደብኝ፤ ይህም ከልጆቹ ግማሽ የተበደርሁት ነበር።

ስድስት ወር በፓርኪንጉ ኪዮስክ ውስጥ አጠናሁ። የጡንቻዎቹ ስም ላቲን ነው። «ላቲሲመስ ዶርሲ፣ ግሉቲየስ ማክሲመስ» እያልሁ ስቆም ስቀመጥ፣ አንድ ደንበኛ በአገሬ ቋንቋ የምጸልይ መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሒሳቡን ከፈለኝ። ሲ.ፒ.አር.ን ደግሞ በስክሪን ብቻ መማር አይበቃም፤ በእጅ መፈተን ግዴታ ነው። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ደረትን ወደ ታች መግፋት፤ ከሠላሳው ግፊት በኋላ ሁለት ትንፋሽ። በአሻንጉሊቱ ላይ ጎንበስ ብዬ በአማርኛ ጮክ ብዬ ስቈጥር አስተማሪው ቆሞ አዳመጠና «ቋንቋውን አላውቅም፤ ፍጥነቱ ግን ልክ ነው» አለኝ።

የፈተናው ቀን ኪሴን አስገልብጠው፣ ሰዓቴን አስወልቀው፣ ካሜራ ያለበት ክፍል አስገቡኝ። ማለፊያው ከ800 500 ነበር፤ እኔ 541 አመጣሁ። የእሑዱን መቶ ከመቶ አስታወስሁና ብቻዬን ሳቅሁ።

ደግሞ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ይህ የተከበረው ፈተናም ጎዶሎ ነው። ምርጫ ማክበብ ብቻ ነውና አንድ ሰው የሌላውን ሰው ትከሻ ሳይነካ፣ «ቁጭ ብድግ» ሲያሠራ ማንም ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። በመስተዋቱ ያየሁት ባለ ስልክ ወጣትም ምናልባት ዕውቅና ያለው ወረቀት ነበረው። የጾማችን ነገር ደግሞ በየትኛውም መጽሐፍ አልገጠመኝም፤ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው በስንት ሰዓት ይሠልጥን? ይህን የምመልሰው በራሴ ልምድ ነው። የምግብ ዝርዝር ግን ለማንም አልጽፍም፤ ወሰኔ እዚያ እንደሚያበቃ ያስተማረኝ ያው መጽሐፍ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ሲጠይቀኝ ወደ ሐኪሙ እሰደዋለሁ። ክፍያውንም ቢሆን ማንም በሰዓት ሰማንያ ዶላር ኪሱ የሚገባ አይምሰለው፤ ከዚያ የሚበዛውን ጂሙ ይወስደዋል።

ወረቀቱ ዋጋውን የከፈለኝ በ2019 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 63 የሆነ አንዲት እናት ልጃቸው አመጣቸው። ጂም አልገባም ስላሉ በስላይጎ ክሪክ የእግር መንገድ ላይ ተገናኘን። ከካናዳ የመጣውን፣ ሰባት ጥያቄዎች ያሉበትን የጤና መጠይቅ አወጣሁና በአማርኛ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት አለብዎ ያለ ሐኪም አለ?»

«ምንም የለብኝም ልጄ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደረትዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም።»

«የሚወስዱት መድኃኒትስ አለ?»

«አይ፤ ለግፊት አንዲት ኪኒን ብቻ።»

ከቦርሳቸው አስወጣኋቸው። ቤታ ብሎከር የሚባለው ዓይነት ነበር። ይህ መድኃኒት የልብን ምት ወደ ታች ይይዛል፤ ሰውየው እየደከመም ምቱ እንደሚገባው አይወጣም። በወርቅማው ወረቀት ትምህርት ቢሆን ኖሮ የሚታወቀው አንድ ስሌት ነው፤ ዕድሜን ከ220 ቀንስ፣ የቀረውን እያየህ ምቱ እስኪደርስ አሩጥ። እንደዚያ አድርጌ እኒያን እናት በዚያ ዳገት ላይ ምታቸው የማይደርስበት ቁጥር ላይ እስኪደርስ ባስሮጣቸው ምን ይሆን እንደ ነበር ዛሬም ሳስበው እጄ ይቀዘቅዛል።

«እማማ፣ ዛሬ አንጀምርም» አልኋቸው። «መጀመሪያ ሐኪምዎን እንጠይቅ።» ልጃቸው ተቀየመ፤ ሥራ ትቶ ነበር የመጣው። ከአሥር ቀን በኋላ የሐኪሙ ደብዳቤ መጣ፤ በእርጋታ መራመድ ይችላሉ ይላል።

ድካማቸውን በልብ ምት መለካት ስለማይቻል በስሜታቸው እንለካው ብዬ ጉናር ቦርግ የሚባል ሌላ ስዊድናዊ ያወጣውን ከ6 እስከ 20 ያለውን መለኪያ አስረዳኋቸው። ቁጥሩ በአሥር ሲባዛ ከጤነኛ ሰው የልብ ምት ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ የተሠራ ነው። እማማ ግን «ስድስትና ሃያ እያልህ አታምታታኝ፤ እኔ የማውቀው ሲደክመኝ ነው» አሉኝ። መጽሐፉ ለዚህም ሌላ መንገድ አለው፤ ሰው እየተራመደ ሳይቋረጥ ማውራት ከቻለ መጠኑ ደህና ነው። ስለዚህ ወሬ ያውሩልኝ አልኋቸው።

የታናሽ እኅታቸውን ሠርግ ጀመሩልኝ። በሜዳው መንገድ ላይ ድንኳኑ ተተከለ፣ ጠጁ ተጣለ፣ አማቾቹ በጊዜ አልደረሱ ብለው ተማረሩ። እኔ ጎን ለጎን እየሄድሁ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። ድልድዩን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ቃላቸው አጠረ፤ ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ቀጥ አሉ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኋቸው። ውሃ ሰጠኋቸው። ወንዙን እያየን ትንሽ ዝም አልን፤ ትንፋሻቸውም ተመለሰ።

«የቱ ላይ ነበርሁ?» አሉኝ።

«ሙሽራው በሩ ላይ ደርሶ፣ አናስገባም ሲሉት።»

«እሺ፣ ተነሥ» አሉና ቀድመውኝ ብድግ አሉ።